ማንም ይቅርታ እንዳይጠይቅ

ሚስራ በማለዳ አጎቷ ግቢ ስትደርስ በጉ ገላውን እየታጠበ ነበር። አጎቷ ኑሪ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርን ሰብስበው፣ ሁለት እኩዮቻቸው አንዱ ቀንዱን አንዱ የኋላ እግሩን ይዘውላቸው፣ ነጩን ሙክት በልብስ ሳሙና ያሹታል። አረፋው የግቢውን ሲሚንቶ አልፎ እስከ እንሰቱ ሥር ወርዷል። በጉ መታገሉን ትቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሯል። አሥራ ስምንት ሺህ ብር የወጣበት በግ ነው፤ ግማሹን ያወጣችው ሚስራ ናት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካላት የባልዲና የሳፋ ሱቅ። ስለዚህ ገና ከበሩ እንደገባች መጀመሪያ ያየችው ላቱን ነበር። ጥሩ ላት ነው። አጎቷ ቀና ሳይሉ ለእርቅ የሚሄድ በግ ጭቃ ይዞ ከሰው ደጅ እንደማይቆም ነገሯት፤ እግሩን የያዙት ሽማግሌ ደግሞ ይኼ በግ ከታጠበ በኋላ ከሳቸው ይልቅ እሱ ሽማግሌ መስሎ ሊቀርብ ነው ብለው ሳቁ።

በጉ የሚታጠበው ለታናሽ ወንድሟ ለሚፍታህ ነው። ሚፍታህ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነው። በአንድ እሑድ፣ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ፣ የአባላት ገንዘብ ከማኅበሩ ሒሳብ ወጥቶ ማንም ወደማያውቃቸው የስልክ ቁጥሮች ተላለፈ። ያስተላለፈው ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው በሚፍታህ ስምና በሚፍታህ የይለፍ ቃል ነበር። በማግስቱ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው፤ ይኸው ከሳምንት በላይ ጣቢያ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ፍርድ ቤት ይቀርባል። መርማሪው ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል፣ ቤተሰቡ ዋስትና ይለምናል። አጎቷ ግን ከዚያ በፊት ጎረቤት ከተማ ጃጁራ ደርሰው ከከሳሹ፣ ከማኅበሩ ሰብሳቢ ከአቶ ገብረወልድ ደጅ ሊቆሙ ነው። በድለናል፣ ልጃችን አጥፍቷል፣ ካሳውን ተቀበሉን ይላሉ፤ ጎሳው ይጠራና ያዋጣል። ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት የወለቀ ጥርስ በዚህ መንገድ አልቋል። ኑሪ ሰው ሳያስታርቁ የከረሙበት ሳምንት ካለ ታመው ነው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ሰሞን ግን አንድም ሰው ሚፍታህ ገንዘቡን ወሰደ ወይስ አልወሰደም ብሎ አልጠየቀም። ማታ ማታ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ስለ በግ ዋጋ ይወራል፣ የአቶ ገብረወልድን ሚስት በዝምድና የሚያውቃት ማን እንደሆነ ይፈለጋል፣ “የሚፍታህ ነገር” ይባልና ሁሉም ምንጣፉን ያያል። መካከለኛው ወንድማቸው ፈትሁዲን ብቻ ለበጉ አላዋጣም። ወደ ጃጁራ በሚመላለሰው ሚኒባሱ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ገንዘብ የለኝም ብሎ ጫማውን አድርጎ ወጣ። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ሲል አክስቶቹ ተያዩ። ሚስራም ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችውም፤ ጣቢያ ምሳ ስታመላልስ በመናኸሪያው በኩል ላለማለፍ ዙሪያ መንገድ ትሄዳለች።

ሚስራ ጠበቃ የፈለገችው ለወጉ ያህል ነበር፤ እርቁ ዋናው፣ ጠበቃው ማድመቂያው። የመጀመሪያው ጠበቃ ነገሩን ሳይሰማ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቃት። ሁለተኛው፣ ደግ ሽማግሌ፣ ሻይ አስመጥተውላት የኮምፒውተር ክስ ለእሳቸው እንደማይሆን በግልጽ ነግረዋት ወደ ሶስና ላኳት። የሶስና ቢሮ የውኃ ቧንቧ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ነው። ሚስራ ዛሬ ጠዋት ከአጎቷ ግቢ ወጥታ ደረጃውን ስትወጣ ከታች ብረት ይቆረጣል፤ ከላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ በመስታወት ተከድኖ የተሰቀለ የጥብቅና ፈቃድ። ሶስና ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሳ ከሥሩ የስፖርት ጫማ አድርጋለች። ሚስራ ጫማውን አየችና ተስፋዋን በበጉ ላይ ጣለች። ዋጋዋን ጠየቀች፤ ከበጉ ይበልጣል፣ ከመጀመሪያው ጠበቃ ያንሳል። ከዚያ ሶስና ትናንት ሽማግሌው ጠበቃ እንደደወሉላት ጣቢያ ሄዳ ሚፍታህን እንዳነጋገረች ነገረቻት። ሚስራን ገረማት፤ ገና ሳይከፈለው የሄደ ሰው አላየችም።

“ለመሆኑ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?” አለች ሶስና።

“ምኑን?”

“መውሰድ አለመውሰዱን።”

ሚስራ ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ጭኗ አደረገች። ሶስና አልጠበቀቻትም። በሚፍታህ ስም በር ተከፍቷል፤ ማን እንደገባ ግን ገና አልታወቀም አለች። በዚያ ቢሮ ሠራተኞቹ ሁሉ አንዱ የሌላውን የይለፍ ቃል ያውቃል፤ አንዱ ለቅሶ ሲሄድ ሌላው በስሙ ገብቶ ይሠራለታል፤ በእንዲህ ያለ ክስ ተከሳሽ የሚሸነፈው በማስረጃ ሳይሆን ራሱ አፉን ሲከፍት ነው። ወይም ቤተሰቡ ሲከፍትለት። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ማንም ይቅርታ እንዳይጠይቅ። እንመልሳለን፣ እንክሳለን የሚል ቃል እንዳይወጣ። ፍርድ ቤት ይህን ሲሰማ ልጁ አምኗል ነው የሚለው።”

ሚስራ የእጅ ሰዓቷን አየች። ሶስና ይህን እንቢታ መስሏት ነው መሰል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ “ወንድምሽ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‘እህቴንና አጎቴን አውቃቸዋለሁ፣ ከፍለው ያስፈቱኛል። እኔ ግን ይቅር የተባለ ሌባ ሆኜ ሆሳዕና ውስጥ መኖር አልችልም’ ነው ያለኝ።”

“በጉ ሄዷል” አለች ሚስራ።

ሶስና አልገባትም። ሚስራ ግን ተነስታለች። አጎቷ ለሽምግልና ሲወጡ ስልካቸውን ቁምሳጥን ላይ ትተው ነው፤ በእርቅ መካከል ስልክ የጮኸበት ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠራም። ደረጃውን ስትወርድ ቧንቧ የሚቆርጠው ሰው መንገድ ለቀቀላት። ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ ስትደርስ ተራ አስከባሪው ሽማግሌዎቹ ከነበጋቸው በመጀመሪያው መኪና መሄዳቸውን፣ በጉ ከላይ ታስሮ ከሁሉም መንገደኛ ይልቅ ንጹሕ እንደነበር ነገራት። ቀጥሎ የሚሞላው መኪና የፈትሁዲን ነበር። መሪው ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆሎ ይቆረጥማል። ሚስራ በመስኮቱ በኩል ቆማ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ጠበቃዋ ያለችውን፣ ሚፍታህ ያለውን። ፈትሁዲን ቆሎውን ኪሱ ከተተ፣ የጋቢናውን በር ከፈተላት፣ ሞተር አስነሳ። ተራ አስከባሪው ተራህን ታጣለህ፣ መኪናውም አልሞላም እያለ ኮፈኑን መታ። ከኋላ ተሳፍረው የነበሩት ሁለት ሴቶች ግን ደስ አላቸው፤ ባልሞላ ሚኒባስ ጃጁራ ሄደው አያውቁም።

ከከተማ ወጡ። የስንዴ ማሳው በሁለቱም በኩል ብጫ ሆኗል፤ አልፎ አልፎ የእንሰት ጓሮ ይመጣና ይሄዳል። ሚስራ የወንድሟን እጅ አየች፤ ማርሽ ሲቀይር የድሮውን የአባታቸውን አያያዝ ይይዛል። በመጨረሻ ለምን ለበጉ እንዳላዋጣ ጠየቀችው።

“ያልሰረቀ ሰው በግ አይነዳለትም” አለ ፈትሁዲን።

“ታዲያ ይህን ለምን አልተናገርክም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ነበር። ሚስራ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ሳቋ መጣ፣ ሊቆም የማይችል ሳቅ። ፈትሁዲን በጎን አያትና እሱም ፈገግ አለ። ኪሱን ዳብሶ ቆሎ ዘገነላት።

የአቶ ገብረወልድ ቤት በር ላይ በጉ ታስሮ ቆሟል። ሚስራ በሳሎኑ መስኮት አሾልካ ስታይ ሦስቱም ሽማግሌዎች በከዘራቸው ተደግፈው ከሶፋው ፊት ለፊት ቆመዋል። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አቶ ገብረወልድ እጃቸውን እያራገቡ ተቀመጡ ይላሉ፤ ኑሪ ደግሞ እየመረቁ ነው፣ ምርቃቱም ወደ ማለቂያው ተቃርቧል። ሴት ልጅ በሽማግሌ አፍ ላይ አትገባም። ሚስራ በጓሮ ዞራ በማድ ቤቱ ገባች፤ እዚያ የቡላና የቅቤ ሽታ ተቀበላት፤ ከውስጠኛው ክፍል ደግሞ የጨቅላ ልቅሶ። የአቶ ገብረወልድ ሚስት ማንኪያ ይዘው ልጃቸው ልትወልድ ከባሏ ቤት እንደመጣች፣ ከሦስት ቀን በፊት በሰላም እንደተገላገለች፣ ወንድ እንደሆነ ነገሯት። ከሳሎን የአጎቷ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ።

“ገብረወልድ፣ እኛ ዛሬ ከደጅህ የቆምነው በደል…”

ሚስራ እልልታዋን ለቀቀችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ እልልታ አልወጣትም። ሚስትየው ደንግጠው አዩዋት፤ ደስታ ግን ተጋቢ ነውና እሳቸውም ከነማንኪያቸው ተቀበሏት፤ አራሷ ከአልጋዋ፣ ጎረቤት ከአጥር ማዶ። እልልታው ሲበርድ ሚስራ በሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አጎቷን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ራሷን በጣም በትንሹ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ወዘወዘች። ኑሪ አፋቸው እንደተከፈተ ነው። “በደል” የምትለዋ ቃል ወጥታ በሳሎኑ መካከል ቆማለች፤ መመለስ አይቻልም። አቶ ገብረወልድ ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የኑሪን ከንፈር ያያሉ። ኑሪ የእህታቸውን ልጅ ፊት ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ስንት ጠበኛ ሲታዘብ የኖረ ዓይን ነው፣ አንድ ነገር አነበበ፤ ከጓዳ የጨቅላው ልቅሶ ተሰማ።

“…በደል የሌለበት ልጅ ተወልዶልሃልና” አሉ ቀስ ብለው፣ “እንኳን ደስ ያለህ ልንል ነው። ልጅህን ፈጣሪ እንኳን ማረልህ። በጉም ለአራሷ ነው፤ በእናንተው ቢላ ባርኩት።”

ከዚያም ተቀመጡ። አቶ ገብረወልድ በመስኮቱ በጉን አዩ፣ ኑሪን አዩ፣ እንደገና በጉን አዩ። ከቡላና ከቅቤ የተሠራ አተካና በሸክላ ቀርቦ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጠቡ። ኑሪ በላዩ ላይ የሚናገሩት አጥተው ነው መሰል ከሌላው ጊዜ ሁለት እጥፍ በሉ፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ግን ይቅርታው በየትኛው ጉርሻ ላይ እንደሚመጣ አላወቁምና ሲውጡ ይጠነቀቃሉ። አቶ ገብረወልድም አልፎ አልፎ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንግዲህ ይመጣል ብለው ቀጥ ይሉና፣ ኑሪ ስለ ሕፃኑ ግንባር ስፋት ሲያወሩ መልሰው ወደ ሶፋው ይደገፋሉ።

እጅ ሲታጠብ ኑሪ ሚስራን ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው በሀዲይኛ፣ በዝግታ፣ ምን ሆነሽ ነው አሏት። ነገረቻቸው። ይቅርታ መጠየቅ ጥፋት የሚሆንበት ሕግ ማን እንዳወጣው ጠየቁ፤ ጠበቃዋ የማን ልጅ ናት አሉ። ሚፍታህ ለጠበቃዋ ያለውን ስትነግራቸው ግን “ይቅር የተባለ ሌባ” ብለው ቃሉን በአማርኛ ደገሙት፣ አንዴ፣ ከዚያም ሌላ ጊዜ፣ ለራሳቸው። ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው የዓይናቸውን ጥግ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። ስንት ሰው እንዲህ አድርገው ወደ ቤቱ እንደመለሱ እያሰቡ እንደሆነ ሚስራ ገባት፤ ከዘራቸውን አንስታ አቀበለቻቸው።

አቶ ገብረወልድም በከሳሽነታቸው ከምሳ በኋላ ፍርድ ቤት መገኘት ነበረባቸው። ከጃጁራ ሊወጣ የተዘጋጀው መኪና ደግሞ የፈትሁዲን ብቻ ነበር። ሰውን በበሩ ላይ ትቶ መሄድ ነውር ስለሆነ ኑሪ መካከለኛውን ወንበር አራግፈው አስቀመጧቸው። እንዲህ ሆኖ ከሳሹ፣ የተከሳሹ አጎት፣ እህቱና ወንድሙ ከሽማግሌዎቹና ከጃጁራ ከተሳፈሩ ሁለት ሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ሚኒባስ ሆሳዕና ገቡ። በመንገዱ ሁሉ ስለ ስንዴ ዋጋ አወሩ። ሶስና በፍርድ ቤቱ በር ላይ ፋይሏን ታቅፋ ቆማ ነበር፤ መኪናው ቆሞ አቶ ገብረወልድ ሲወርዱ፣ ኑሪም ክንዳቸውን ደግፈው ሲያወርዷቸው አየችና ፋይሉን በፊቷ ላይ አደረገችው። ከእሷ ጎን ደግሞ መርማሪው ቆሞ ነበር፤ እሱም አይቷል፤ የበጉንም ወሬ ከመናኸሪያ ሰምቷል።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ አግዳሚው ሞልቶ ዘመድ በግድግዳው ዙሪያ ቆሟል። ሚፍታህ ከስቷል፤ ፂሙን ሳይላጭ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ገብቶ ቤተሰቡን ፈለገ፣ አጎቱን አየ፣ ወዲያው አቶ ገብረወልድን ከአጠገባቸው አየና ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ሚስራ ያ አንገት ሲወርድ ልቧ አብሮት ወረደ፤ አልለመኑልህም ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። መርማሪው ተነስቶ ምርመራው አለማለቁን ተናገረ፤ ተጠርጣሪው ቢለቀቅ ምስክር እንደሚያባብል ማስረጃው ሩቅ አይደለም፣ ቤተሰቡ ዛሬ ጠዋት በግ ነድቶ ከከሳሽ ቤት ሄዷል፣ አሁንም በአንድ መኪና መጥተዋል አለ። ሶስና ስለ ይለፍ ቃሉ፣ ኮምፒውተሩም ሰነዱም በፖሊስ እጅ ስለመሆኑ አጠር አድርጋ ተናገረች፤ ስለ በጉ ግን ምንም አላለች፤ የምታውቀው ነገር የለምና። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አቶ ገብረወልድን አስነሱ።

“በጉ እውነት ነው?”

“እውነት ነው፣ ክብርት ዳኛ። ልጄ ወልዳለች፤ ለእሷ ነው።”

“ስለ ክሱ ምን አሉዎት? ይቅርታ ጠየቁ? ገንዘቡን እንመልስ አሉ?”

አቶ ገብረወልድ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። “እውነቱን ልናገር። እኔም ስጠብቅ ነበር። ኑሪን አውቃቸዋለሁ፤ የጎረቤት ዶሮ ብትጠፋ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ስበላ ጠበቅሁ፣ መኪና ውስጥም ጠበቅሁ። ስለ ስንዴ አወሩ። የኑሪ ቤተሰብ ሳይለምን ሲቀር፣ ይኼ ልጅ ምናልባት አልወሰደ ይሆን እንዴ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ግማሽ መንገድ ላይ ነው።”

ሳቁ ከግድግዳው ጥግ ተነስቶ አዳራሹን ሞላ። ዳኛዋ ጸጥታ ብለው ራሳቸው ወረቀታቸው ላይ ለብዙ ጊዜ አቀረቀሩ። ሚፍታህ ብቻ አልሳቀም። አጎቱን ያይ ነበር። ኑሪም በከዘራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርቅ ወጥተው ሳያስታርቁ የዋሉበትን ቀን እንደ ሜዳልያ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ መልሰው አዩት። ምርመራው እንዲቀጥል፣ ተጠርጣሪው ግን በዋስ እንዲወጣ ታዘዘ።

የመዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንድ ዋስ በቂ ነው የተባለው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ መታወቂያውን አወጣ፤ አክስቶች፣ የአክስት ባሎች፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከጃጁራ አብረው የመጡ ሴቶች እንኳ። ጸሐፊዋ ሙሉመቤት እናንተ ሁላችሁ ዋስ ከሆናችሁ የሚጠፋ ቢኖር ሆሳዕና ባዶዋን ትቀራለች አለች። በዚያ ሁሉ እጅ መካከል አንድ እጅ የመኪና ሊብሬ አስቀመጠ፤ ፈትሁዲን ነበር። አክስቶቹ መታወቂያቸውን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ሙሉመቤት ለተጠርጣሪው ምኑ ነህ ስትለው ጥያቄዋን አላስጨረሳትም።

“ወንድሙ።”

ሶስና በሩ ላይ ሚስራን አግኝታ ይህ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው እንዳልሆነ፣ ክስ ሊመጣ እንደሚችል፣ የይለፍ ቃሉን ነገር ገና ፈልቅቃ እንደምታወጣው ነገረቻት። ሚስራ ሰማቻት፣ ተስማማች፣ ክፍያዋን ነገ ይዛላት እንደምትመጣ ቃል ገባች። ሶስና ከመሄዷ በፊት እልልታው የማን ሐሳብ እንደነበር ጠየቀች፤ ሽማግሌዎቹ ነግረዋታል። ሚስራ ሐሳብ አልነበረም፣ እንዲሁ ወጣኝ አለች።

ሚፍታህ ቀበቶውንና ስልኩን ተረክቦ ሲወጣ ሚኒባሱ ከነሰዉ ይጠብቀዋል። ፈትሁዲን ጋቢናውን ከፈተለት፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ሰላምታ ተለዋወጡ። አቶ ገብረወልድ ወደ ጃጁራ የሚመለሱበት አጥተው በመኪናው በር ላይ ቆመዋል፤ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት፤ መግባትና አለመግባት ተምታቶባቸዋል። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ይጠጋጋሉ። ያኔ ኑሪ ከመካከለኛው ወንበር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ።

“ሚፍታህ” አሉ። “ሁላችንም እዚህ ነን። ገንዘቡን ወስደሃል?”

ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው፤ አጎቱን፣ እህቱን፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሰው።

“አልወሰድኩም፣ አጎቴ።”

“በቃ፣ ተሰማ” አሉ ኑሪ።

አቶ ገብረወልድ ሁለተኛውን እግራቸውን አነሱና ከሚፍታህ ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጡ። ፈትሁዲን ጥሩንባ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ባለበት በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥሩንባውን ተጭኖ አልለቅ አለ፤ ዘበኛውም እጁን ለሰላምታ አነሳ።